የወለጋ ሆስፒታሎችና የአስቸኳይ ጊዜ ሕክምና አጀማመር

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም በአገሪቱ የተዛመተውና በተለምዶ «የኅዳር በሽታ» እየተባለ የሚጠራው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በደምቢ ዶሎ የውጭ ሐኪም እንዲገባ ምክንያት ሆኗል።

የሰዮ ገዥ የነበሩትና በኋላ የራስነት ማዕረግ ያገኙት ብሩ ወልደ ገብርኤል ከወረርሽኙ በኋላ በሱዳን የነበረው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሐኪም እንዲልክላቸው ጠየቁ። ዶክተር ቶማስ ላምቢም ጥሪውን ተቀብለው እ.ኤ.አ. በ1919 በጋምቤላ በኩል ሰዮ ገቡ።

ጥያቄው ለሱዳን መቅረቡ የሚያስገርም አይደለም። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም ተነስተው እስከ ጋምቤላ ይዘልቁ ነበር። በአንጻሩ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው የበቅሎ መንገድ ብዙ ቀናት ይፈጅ ነበር።

ዶክተር ላምቢ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ዋና ከተማዋ ተዛውረው በጉለሌ ሆስፒታል አቋቁመዋል። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በጸሐፊነት አገልግለዋል። በጣሊያን ወረራ ወቅት ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝና ከሌሎች አገሮች የሕክምና ቡድኖች ወደ ጦር ግንባር የዘመቱ ሲሆን፣ የስዊድኑ ቡድን ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቧል።

ሐኪሙ ቢሄዱም በደምቢ ዶሎ የሕክምና አገልግሎቱ አልተቋረጠም። ጎልቶ መታየት ያለበትም ይኸው ነው። በነቀምቴም የስዊድን ሚሲዮን በዶክተር ኤሪክ ሶደርስትሮም አማካይነት ያቋቋመውና በተፈሪ መኮንን ስም የተሰየመው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1932 ሥራ ጀምሯል። የአይራ ሆስፒታል ደግሞ መነሻው የጀርመኑ ሄርማንስበርግ ሚሲዮን ነው።

በ2011 ዓ.ም መጀመሪያ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ሲገቡ ለሕክምና ተቀዳሚ ተጠሪ የሆኑት በአካባቢው የነበሩት የጤና ተቋማት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 በአገሪቱ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1 ሺህ 157 ሞት ተመዝግቧል። ከሕሙማኑ 44 በመቶ ያህሉ የተመዘገቡት በኦሮሚያ ክልል ነው።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከደምቢ ዶሎ ወደ ነቀምቴ ሪፈር የሚጻፍለት ሕመምተኛም ተመጣጣኝ ርቀት ይጓዛል።