መምህርና ደቀ መዝሙር፥ ከሐይቅ እስከ ቦሩ ሜዳ

ከኩታበር ደጋ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ በመንገዱ ቦሩ ሜዳን ያገኛል። ከደሴም ወደ ሰሜን ጥቂት ቢገሠግሥ የሐይቅን ባሕርና የእስጢፋኖስን ገዳም ያያል። ወደ ምዕራብ ዞሮ ወደ ቦረናና ወደ መካነ ሰላም የተጓዘ እንደ ሆነ ደግሞ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ አገር ይቀበለዋል። በዓሉን የሚያከብር ደብር የሕንፃውን ዘመን መቍጠሩ የተገባ ነው፤ ነገር ግን በመቅደሱ የሚያገለግለው ካህን ከማን እንደ ተማረ፥ ያስተማረውም መምህር ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ የጠየቀ ሰው ከድንጋዩና ከጣራው የበለጠ ነገር ያገኛል። ይህ አገር ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ተምሮ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሐይቅ ተቀመጠ። መጻሕፍትም አሰባሰበ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጠው ወንጌል ከኢትዮጵያ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ከደቀ መዛሙርቱ መካከል ከሸዋ የመጣው ተክለ ሃይማኖት ነበረበት። ይህ ደቀ መዝሙር በሐይቅ ብዙ ዓመት ከተቀመጠ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ፥ ይኸውም ወደ መምህሩ መምህር ወደ አባ ዮሐኒ፥ እንደ ሄደ ገድሉ ይናገራል። ከዚያም ወደ ሸዋ ተመልሶ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም አቆመ። በተማሪ ብዛት የሚመካ መምህር ይህን የመሰለ ሰው ከእጁ ሊያወጣ አይወድም ነበር። ኢየሱስ ሞዓ ግን ከእርሱ ዘንድ የቀረውን ከሌላ ይፈልግ ዘንድ ለቀቀው።

ትጉህና ብሩህ ተማሪን ማስተማር ብዙ አያስቸግርም። የመምህር ፈተናው የማይገባው ልጅ ሲመጣ ነው። በዚያው በሐይቅ፥ ከመቶ ዓመት በኋላ፥ እንዲህ ያለ ልጅ መጣ።

የልጁ ስም ጊዮርጊስ ነበረ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የተማረ ካህን ስለ ሆነ ልጁም እንደ እርሱ ሊቅ ይሆን ዘንድ ወደ ሐይቅ ሰደደው። ነገር ግን ትምህርቱ አልገባው አለ። ገድሉ እንደሚለው ሰባት ዓመት ተቀምጦ የተነገረውን ሊይዝ አልቻለም። የእኩዮቹ ሳቅና የአባቱ ስም በአንድነት ሲከብዱበት ምን ያህል እንዳዘነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። መምህሩም በመጨረሻ ተስፋ ቈርጦ ልጅህን ውሰድ፥ ትምህርት አይሆንለትም ብሎ ወደ አባቱ ላከ። አባቱ ግን ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም፤ ትምህርቱ ባይሆንለት ገዳሙን እያገለገለ ይኑር ብሎ መለሰ።

ስለዚህ ጊዮርጊስ በገዳሙ ቀረ፤ እህልም ይፈጭ ጀመረ። ጓደኞቹ ከመምህሩ ፊት ተቀምጠው ቃል ሲቀበሉ እርሱ ወፍጮ ላይ ተደፍቶ ይውል ነበር። ሌሊት ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት እየቆመ ያለቅስ ነበር፤ ከብዙ ልመናም በኋላ እመቤታችን ተገልጻ ከጽዋ አጠጣችው፥ ልቡናውም ተከፈተ ብሎ ገድሉ ይተርካል።

ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያወራው ለተአምራቱ ነው። ሆኖም ከተአምራቱ በፊት የሆነው ነገር ሳይታይ ያልፋል። መምህሩ እንዳሰበው ልጁ ያን ጊዜ ወደ ቤቱ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ፥ ከሥዕሉም ከገዳሙም በራቀ ነበር። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰባት ዓመት መታገሥ ቀላል አይደለምና። የቈጠረው ግን ያለፈውን ሰባት ዓመት ብቻ ነው። አባቱ ደግሞ የልጁን አእምሮ ከመምህሩ አብልጦ አላወቀም፤ በሩን ብቻ አልዘጋበትም። በመጨረሻ የሆነውን ስናይ ከሁለቱ ለመምህርነት የቀረበው አባቱ ነበር ማለት ይቻላል።

ያ ፈጪ ልጅ አድጎ መጽሐፈ ሰዓታትንና አርጋኖንን ደረሰ፤ በ1416 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ሃይማኖት የሚከራከረውን ታላቁን መጽሐፈ ምሥጢር ፈጸመ። በዐፄ ዳዊት ዘመን በሐሰት ተከሶ ታሰረ። መምህርም ሆነ፤ የንጉሥ ልጆችን እንዳስተማረ ይነገራል። መታሰቢያው ሐምሌ 7 ቀን ሲሆን፥ በስሙ የሚጠራው ጋሥጫ ከዚሁ ደጋ ወዲያ ነው። ዛሬ ሌሊት በየአጥቢያው ሰዓታት ሲቆም የሚሰማው ቃል ሊባረር ከነበረው ልጅ የወጣ ነው።

እንግዲህ የማስተማር ፍጻሜው ምንድር ነው? የቅኔ ቤት ልማድ ይህን ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ቍራሽ እየለመነ የሚማረው ተማሪ መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ግሡንና አገባቡን፥ ሰሙንና ወርቁን ይፈታል። ከዚያ በኋላ ግን ብቻውን ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ሄዶ የራሱን ያስባል። በሁለት ቤቱ በጉባኤ ቃና ጀምሮ እየከበደው እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውን አምጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የሳተውን ያርምለታል። የመምህሩን ቅኔ ቃል በቃል መልሶ የሚያቀርብ ተማሪ አይመሰገንም፤ እንደ ሌባ ይቈጠራል እንጂ። ስለዚህ የመምህሩ ትጋት ሁሉ ተማሪው አንድ ቀን ያለ መምህሩ መቆም እንዲችል ነው። ስሙ ለቅኔ ቤት ስያሜ የሆነው ዋድላም በወሎ ምድር የሚገኝ ስለ ሆነ ይህ ነገር ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። በእስላሙም ወገን ደረሳው ከሼኽ ወደ ሼኽ እየዞረ ኪታቡን ይቀራል፤ ጎረቤታሞቹ ሁለቱ ተማሪዎች በአንድ መንገድ ላይ ስንቅ ሳይዙ መገናኘታቸው የቆየ ነገር ነው።

በቦሩ ሜዳ ግን ሌላም ነገር ሆኗል፤ ሊታለፍ አይገባም። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በዚያ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። የካህናቱ ክርክር በተዋሕዶ እምነት ተፈጸመ። ከዚያም የወሎ እስላሞች በሦስት ዓመት ውስጥ ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊም ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ ኋላም ንጉሥ ሆነ። ሌላው ግን ብዙው ሸፈተ ወይም ተሰደደ፤ ሼኽ ጦልሃን የመሰሉ ሊቃውንትም ሕዝቡን ይዘው ተቃወሙ። የቀረውም ቀን ክርስቲያን፥ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ ይባላል። ዐዋጁ የሰውን ስም ለወጠ። ልቡን ግን ለመለወጥ ሦስት ዓመት ቀርቶ፥ በሐይቅ የታየው ሰባት ዓመትም ሊያንስ ይችላል፤ ያውም በፈቃዱ ለመጣ ተማሪ።

በዚያው ስፍራ ግን ሌላ ወንበር ተዘርግቶ ነበር። በቦሩ ሥላሴ መምህር አካለ ወልድ መጻሕፍትን ይተረጕሙ ነበር፤ ደቀ መዛሙርትም ከሩቅ አገር እየተጓዙ፥ ማንም ሳያስገድዳቸው፥ ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር። የመምህሩም ስም በተማሪዎቻቸው አፍ ጸንቶ ቆየ። በደሴ ከተማም በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት ተሰየመ።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ አለቃ ለማ ኃይሉ ናቸው። አለቃ ለማ በሸመገሉ ጊዜ ልጃቸው ባለ ቅኔው መንግሥቱ ለማ የትዝታቸውን ቃል በመቅረጸ ድምፅ እየቀዳ ጻፈው፤ መጽሐፈ ትዝታ ተብሎም በ1959 ዓ.ም. ታተመ። ሽማግሌው ከልጃቸው ፊት ተቀምጠው ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ ሲጠየቁ፥ ደጋግመው የሚያነሡት የቦሩ ሥላሴውን መምህራቸውን ነበር።