ኮምፒውተር ነው ወይስ መጫወቻ? የአባቴና የአክስቴ ክርክር

ጊዜው 1991 ዓ.ም. ነው፣ ቦታው ደሴ። የአስር ዓመት ልጅ ነኝ። ጅዳ ትሠራ የነበረችው አክስቴ ለእረፍት መጥታ ሻንጣዋን ስትከፍት ከልብሱ መሀል አንድ ትልቅ ካርቶን አወጣች። ውስጡ ኪቦርድ የሚመስል ግራጫ ነገር፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ የፕላስቲክ ሽጉጥና ሁለት ካሴት ነበረበት። የዘፈን ካሴት አይደለም፤ ያ ከላይ የሚሰካው፣ አልሠራ ሲል አውጥተን እፍ የምንልበት። የኔ ዘመን ልጆች ታውቁታላችሁ።

«ወንድምዓለም፣ ኮምፒውተር ነው። ልጁ ይማርበት» አለችው አባቴን።

አባቴ ኮምፒውተርን በስም እንጂ በዓይኑ አያውቀውም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲመለስ እኔና የሰፈር ልጆች ሽጉጡን ይዘን ቴሌቪዥኑ ላይ ዳክዬ ስንተኩስ አገኘን። ስንስት ደግሞ ያ ውሻ ከሣሩ ውስጥ ብቅ ብሎ ይስቅብናል።

«ይሄ ነው ኮምፒውተር? አንቺ፣ መጫወቻ ነው እኮ የሸጡልሽ!»

«ኮምፒውተር ነው ብለው ነው የሸጡልኝ» አለች አክስቴ። ክርክሩ ሳይቋጭ ወደ ጅዳ ተመለሰች። ማሽኑም ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ብፌው ላይ ተቀመጠ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይወርዳል፤ ሲወርድም «እንዳታበላሸው!» ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር ነው።

ዛሬ ይህን የምጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። አይሲቲ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ የዚያን ማሽን ታሪክ ሳነብ ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ ስላወቅኩ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ ነው። ቸክ ፔድል የሚባል መሐንዲስና ባልደረቦቹ ሞስ ቴክኖሎጂ በሚባል ኩባንያ 6502 የተባለች ቺፕ ሠሩ። ተፎካካሪዎቹ ተመሳሳይ ቺፕ ከመቶ ዶላር በላይ ሲሸጡ እነሱ 25 ዶላር አሏት። ብዙ ሰው ማጭበርበሪያ መስሎት ነበር አሉ። ግን እውነት ነበር። ኮምፒውተር ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ሳሎን እንዲገባ ካደረጉት ነገሮች አንዷ ይህቺ ርካሽ ቺፕ ናት። በ1977 የወጣው አፕል 2 በሷ ሠራ። በ1982 የወጣውና በሚሊዮኖች የተሸጠው ኮሞዶር 64 የሷን ቤተሰብ ተጠቀመ። በ1983 ደግሞ የጃፓኑ ኒንቴንዶ ፋሚኮም የተባለውን የጌም ማሽን ሲያወጣ ውስጡ ያስገባው ከ6502 የተቀዳ ቺፕ ነበር። ቻይናና ታይዋን ያሉ ፋብሪካዎች ያንን ማሽን ያለፈቃድ እየቀዱ፣ አንዳንዱን ኪቦርድ እየጨመሩበት «የመማሪያ ኮምፒውተር» እያሉ ለዓለም ሸጡት። አክስቴ እጅ የገባው ከነዚያ አንዱ ነው።

እና አክስቴ አልተታለለችም። ደሴ ብፌ ላይ ጥልፍ ለብሶ የተቀመጠው ነገር የአፕል 2 የአጎት ልጅ ነበር!

አቅሙ ደግሞ ይገርማል። እኛ ስንጋፋለት የነበረው ሱፐር ማሪዮ ሙሉው ጌም፣ ከነሙዚቃው፣ 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ስንት እጥፉ እንደሆነ አስቡት። ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ሰማይ ላይ ያለውን ደመናና መሬት ላይ ያለውን ቁጥቋጦ በአንድ ሥዕል ነው የሠሩት፤ ቀለሙን ብቻ ቀየሩት። ስንት ዓመት ስንጫወተው አንዳችንም ልብ አላልንም። ኮንትራንም ላንሳ፦ ወደላይ ወደላይ፣ ወደታች ወደታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። ሠላሳ ነፍስ! መጨረሻው አካባቢ ስንደርስ መብራት ይጠፋል፣ ከዜሮ እንጀምራለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከሁለቱ ካሴቶች አንዱን ማንም አይነካውም ነበር። የመማሪያው ነው። አንድ እሁድ ብቻዬን ስሆን ሰካሁት። ጌም የለውም። ጽሑፍ የሚጻፍበት ባዶ ቦታና ብልጭ ድርግም የምትል ምልክት ብቻ። ስሜን ጻፍኩ። ትልቁን ቁልፍ ተጫንኩ። ማሽኑ «ኤረር» የሚል ነገር ያለበት የእንግሊዝኛ መስመር መለሰልኝ። ልቤ ቀጥ አለች። አበላሸሁት! ቶሎ አጥፍቼ፣ ካሴቱን ነቅዬ፣ ጥልፉን አልብሼ ወጣሁ። ያን ካሴት ሁለተኛ አልነካሁትም።

በዚያው ባዶ ቦታ ፊት እንግሊዝ አገር የተቀመጡ ልጆች ምን እንዳደረጉ ያወቅኩት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ክላይቭ ሲንክሌር ስፔክትረም የተባለውን ኮምፒውተር በ125 ፓውንድ ማውጣት ጀመረ። ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ጌሙ የሚመጣው በተራ የቴፕ ካሴት ነው፤ ቴፑ እየጮኸ ደቂቃዎች ይጠበቃል። ካሴት መግዛት ያልቻለ ልጅ መጽሔት ይገዛል፤ መጽሔቱ ላይ የጌሙ ኮድ በገጽ በገጽ ታትሟል፣ ልጁ ቁጭ ብሎ ይገለብጠዋል። አንድ ፊደል ከሳተ አይሠራም። የሳተውን ሲፈልግ ቋንቋውን ይማራል። ቋንቋው ቤዚክ ይባላል። ማቲው ስሚዝ የሚባል ጎረምሳ እ.ኤ.አ. በ1983 ማኒክ ማይነር የተባለውን ጌም ሠርቶ አገሩን ጉድ አሰኘ።

ያ ሁሉ ልጅ እንዴት አልፈራም? ብልህ ስለሆኑ አይደለም። ማሽኑ የሚበላሽ ስላልነበረ ነው። ቤዚክ የሚቀመጠው ሊጻፍበት በማይችል ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ ልጅ የፈለገውን ቢጽፍ አይነካውም። የባሰ ነገር ከመጣ አጥፍቶ ማብራት ነው፤ እንደ አዲስ ይነሳል። የኔም እንደዚያው ነበር። «ኤረር» ማለት «ተበላሸሁ» ሳይሆን «አልገባኝም፣ እንደገና ንገረኝ» ማለት ነበር። ይህን የሚነግረኝ ሰው ብቻ አጣሁ።

እንግሊዞች ነጋሪ አዘጋጁ። ቢቢሲ ኮምፒውተርን የሚያስተምር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጀመረ፤ አብሮትም አኮርን የተባለው ኩባንያ ቢቢሲ ማይክሮ የተባለውን ማሽን ሠራ። ውስጡ ያለችው ያቺው 6502 ናት። አብዛኛው የአገሪቱ ትምህርት ቤት ገባ። በዚህ ማሽን ላይ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች፣ ዴቪድ ብራበንና ኢያን ቤል፣ በ1984 ኤሊት የተባለውን ጌም አወጡ። ከዚያም ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር፣ እዚያው አኮርን፣ የራሳቸውን ቺፕ ቀየሱ። በ1985 ሠራ። ስሙ አርም ነው። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ የሚሠራው በዚያ ቺፕ ዘር ነው።

ይህን ለአስረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ደመናውና ቁጥቋጦው ላይ ሳቁ። ከዚያ አንዷ «ቲቸር፣ እኛም ጌም መሥራት እንችላለን?» አለችኝ።

እንችላለን ልላት አፌን ከፈትኩና ላቡ ትዝ አለኝ። ኮምፒውተር አለን። በሩ ግን ቁልፍ ነው። ተማሪ እንዳያበላሸው። አንዳንዶቹ እስካሁን የመጡበት ፕላስቲክ አልተገፈፈም። ለዓመታት ማውስን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳልኩ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ለካ ያ ጥልፍ ጨርቅ አብሮኝ ትምህርት ቤት ገብቶ ኖሯል።

ብዙ ለምኜ፣ ፈርሜ፣ «ከተበላሸ ከደመወዜ ይቆረጥ» ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ይከፈታል። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ስክሪኑን ያዩታል፤ የሚነካ የለም። «ኤረር እስኪያመጣ ንኩት» አልኳቸው። እስካሁን ከደመወዜ የተቆረጠ የለም። ያቺ ልጅ ቁጥር የሚያስገምት ጌም ሠርታለች። ሦስት ጊዜ ከሳታችሁ ይስቅባችኋል።

ባለፈው እሁድ ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። አክስቴ ልክ እንደነበረች፣ ኮምፒውተር እንደነበረ፣ ቢነካም እንደማይበላሽ።

ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ያኔ አትነግረኝም ነበር?» አለኝ።

እናንተ ቤትስ ጥልፍ ለብሶ የተቀመጠው ምን ነበር? እስቲ ኮመንት ላይ አውሩኝ። መልካም ሰንበት!