«የከርሞ ሰው» የተቀረጸበት የሙዚቃ ሸክላ

ቁስ፦ ጥቁር ቪኒል። ስፋት፦ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ዘመን፦ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግድም። አሳታሚ፦ አምሃ ሪከርድስ፣ አዲስ አበባ።

ሸክላ የሚባለው መርፌ በጠመዝማዛ ቦዩ ውስጥ ሲያልፍ ድምፅ የሚሰጥ ክብ ዝርግ ሲሆን፣ ይህኛው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በመሠረቱት ድርጅት አማካይነት የታተመውን የሙዚቀኛው የሙላቱ አስታጥቄን ድርሰት ይዟል። ሙላቱ ኢትዮ ጃዝ ያሉት ስልት በአምስት ድምፆች የሚሠሩትን የአገሩን ቅኝቶች ከጃዝ ኅብረ ድምፅና ከላቲን አሜሪካ ምት ጋር የሚያጣምር ነው፤ እዚህ ባሱ አንዱን ሐረግ እየደጋገመ መንገድ ሲጠርግ፣ ሳክስፎንና ሌሎቹ የትንፋሽ መሣሪያዎች ዜማውን ሳይቸኩሉ ይሸከማሉ፤ የሥራው ውበትም በዚህ እርጋታ ላይ ነው። የድርሰቱ ስም ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ጎብኚ እንግዳ አይደለም፤ በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዚሁ ርእስ የሚጠራ ተውኔት ጽፈዋልና።

ሸክላ በተደመጠ ቁጥር መርፌው ቦዩን በጥቂቱ ስለሚፍቀው፣ ባለቤቱ አብዝቶ የወደደው ሙዚቃ ከሌላው ቀድሞ ይነጣል፣ ይንሿሿልም፤ ስለዚህ ያረጀ ገጽ የዓመታት ፍቅር የታተመበት ማስረጃ ሆኖ ሊነበብ ይገባል። በዚህ ሸክላ ላይ ያለው ቀረጻ እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳይ አገር በኢትዮፒክስ የሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ዳግም ታትሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተሰምቷል።