ንጹሕ፥ የዋህ፥ ነፍስ ያላወቀ

የእንግሊዝኛው «ኢኖሰንት» በአንድ ቃል ሦስት ሰዎችን ይጠራል፤ ይኸውም ወንጀል ያልሠራውን ተከሳሽ፥ ተንኰል የማያውቀውን ቅን ሰው፥ ክፉና ደጉን ገና ያልለየውን ሕፃን ነው። የእኛ ቋንቋ ግን ለየራሳቸው ስም ሰጥቷቸዋል፤ የፊተኛው ንጹሕ፥ ሁለተኛው የዋህ፥ ሦስተኛው ነፍስ ያላወቀ ይባላል። ይህንንም ልዩነት የመርካቶ ሰው በየቀኑ ይሠራበታል። በሚዛኑ የማያጭበረብረውን ነጋዴ «እጁ ንጹሕ ነው» ብሎ ያመሰግነዋል፤ የተጠራበትን ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍለውን ገዢ ግን «የዋህ ነው» ሲል ምስጋናው ከሐዘኔታ ጋር የተደባለቀ ነው።

ዳሩ ግን ቃላቱ ቢለያዩም፥ በፍርድ ነገር የተደባለቁበት ዘመን ነበር። መርካቶ በጣልያን ወረራ ጊዜ (1928–1933 ዓ. ም.) በአዲስ ከተማ ከመቋቋሙ በፊት፥ የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በዚያ ዘመን ንብረት የጠፋበት ሰው ሌባሻይ ያስጠራ ነበር። ሌባሻዩ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጣውና ወገቡን በመቀነት ይዞ ይከተለዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል።

ልጅ የተመረጠበት ምክንያት ነፍስ ያላወቀ አይዋሽም በመባሉ ነው። በእርግጥም ልጁ አልዋሸም፤ ነገር ግን የሚያደርገውንም አላወቀም። አለማወቁ እንደ ዕውቀት ስለ ተቈጠረ፥ የሕፃኑ ንጽሕና የጐልማሳውን ንጽሕና አጠፋው። ተከሳሹም ምስክሩን መርምሮ ለማስተባበል አልቻለም፤ የደነዘዘ ልጅ ምን ተብሎ ይጠየቃል?

የ1949 ዓ. ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እነዚህን ነገሮች ለያይቶ ደነገገ። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ዐዋቂውም ቢሆን አስቦ ወይም በቸልተኝነት ካላጠፋ አይቀጣም። የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ለተከሳሽ ዋስትና ሰጠ። በእንግሊዝኛው ቅጂ ተከሳሽ ንጹሕ እንደ ሆነ ይገመታል፤ በአማርኛው ግን እንደ ጥፋተኛ አይቈጠርም። አማርኛው በዚህ ስፍራ ጥንቁቅ ነው፤ የሰውን ልብ አያለሁ ሳይል፥ ያልተረጋገጠ ጥፋት በማንም ላይ እንዳይጫን ብቻ ያዛል።

የሌባሻይ ዘመን አልፏል። ነገር ግን በገበያ ግርግር መካከል «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት በተሰማ ጊዜ፥ ጣት ወደ ተቀሰረበት ሰው ሳንጠይቅ የምንሮጥ ከሆነ፥ መድኃኒት ሳንጠጣ የሌባሻዩን ልጅ ሆነናል።