አጥቢያ ኮከብ በፀሐይ ፊት ስታልፍ

በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ሰማይ ነገር ብናወራችሁ ምን አገናኘው እንዳትሉን፤ ነገሩ የአደራ ታሪክ ነው።

አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬኑስ አልፎ አልፎ በፀሐይና በምድር መካከል ስታልፍ፣ በፀሐይ ፊት ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች። ይህ የሚሆነው በ8 ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከ100 ዓመት በላይ ያስጠብቃል። ስለሆነም አንዱ ትውልድ ሲያያት ሌላው ሳያያት ይቀበራል።

ኤድመንድ ሃሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የከዋክብት ሊቅ፣ ሰዎች በተራራቁ አገሮች ቆመው የምታልፍበትን ሰዓት ቢለኩ፣ ከሰዓቱ ልዩነት ተነሥቶ ፀሐይ ከምድር ምን ያህል እንደምትርቅ ማስላት እንደሚቻል በ1716 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቷል፤ ቬኑስ የምታልፈው ግን በ1761 ነበር። እንግዲህ አስሉት! እሱ እንደማይደርስበት ያውቃል። ቢሆንም ሥራውን ለተከታዮቹ አደራ ብሎ በ1742 ዐረፈ።

አደራውም አልተበላም። በ1761ና በ1769 የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ባሕርና በረሃ አቋርጠው ወጡ። ፈረንሳዊው ለ ዣንቲ ወደ ሕንድ ሲጓዝ፣ የሚያርፍባትን ከተማ እንግሊዞች ስለያዙበት የመጀመሪያዋን ቀን መርከብ ላይ ዋለ፤ በሚናወጥ መርከብ ደግሞ መለካት አይሆንም። 8 ዓመት ጠብቆ ሁለተኛዋ ቀን ስትደርስ ሰማዩ በደመና ተሸፈነበት። አይ ዕድል! በ1771 አገሩ ሲገባ ጭራሽ ሞቷል ተብሎ ወራሾቹ ንብረቱን ሊካፈሉ ሲሉ ደረሰ።

ሌላው ፈረንሳዊ ሻፕ በ1769 ወረርሽኝ በገባበት የካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ሆኖ ለካ፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው በሽታ ሞተ። የልኬት መዝገቡ ግን ከሞት በተረፈ ሰው እጅ ፓሪስ ገባ።

ከእነዚህ ሁሉ ልኬቶች ላላንድ የተባለው ሊቅ በ1771 ርቀቱን ወደ 153 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አሰላ። ዛሬ የሚታወቀው 149.6 ሚሊዮን ነው። ለዚያ ዘመን መሣሪያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቬኑስ በእኛ ዘመን ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. እና ግንቦት 29 ቀን 2004 ዓ.ም. አልፋለች። ተመልሳ የምታልፈው በ2110 ዓ.ም. ስለሆነ እኛ አንደርስባትም። ታሪኩን ግን ለልጆቻችን እንንገራቸው፤ እነሱም ለልጆቻቸው ይንገሩ። የእድራችንን መዝገብና ድንኳን የተረከብነውም እኮ ከቀደሙን ነው።