ከጉንዶ እስከ መጋዘን፤ የገበሬው ማር የት ያድር ነበር?

በላስታ ገጠር የማር ቆረጣ ሰሞን ሲደርስ ሥራው የሚጀመረው ከመሸ በኋላ ነው። ቀን ንቡ ይቆጣል። አባወራው የደረቀ ኩበት ያጨሳል፤ ልጅ መብራት ይይዛል፤ እማወራዋ ማሩ የሚገባበትን ዕቃ አጥባና አድርቃ ትጠብቃለች። ከጭቃና ከእበት የተሠራው ሞላላ ቀፎ በብዙ ቤት ከግድግዳው ጥግ ወይም ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ስለሚቀመጥ ቤተሰቡና ንቡ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ ማለት ይቻላል። የቀፎው ክዳን ከኋላ ተከፍቶ የማሩ እንጀራ አንድ በአንድ ይቆረጣል። ክረምቱ ወጥቶ ማንጤሴ ያበበበት ዓመት ከሆነ የሚወጣው ያ ስመ ጥሩ ነጭ ማር ነው። በዚያች ሌሊት ልጆች እንጀራውን ከነሰሙ እያኘኩ ያመሻሉ፤ ለእነሱ ከዓመት በዓል አይተናነስም።

ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ማሩ የት ያድራል?

በጥንቱ ጊዜ መልሱ የታወቀ ነበር። ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበውት እንደነበርና ስሙም ከዚሁ እንደመጣ በአፈ ታሪክ ይነገራል። የነገሥታቱና የማር ቁርኝት ግን በአፈ ታሪክ ብቻ የቀረ አልነበረም። ማር ግብር ነበር። ጉንዶ በሚባለው የማር ዕቃ እየተለካ ከገበሬው ቤት ወደ ገዥው ግምጃ ቤት ይገባ ነበር፤ ከዚያም ጠጅ ሆኖ በግብር አዳራሽ ለመኳንንቱና ለወታደሩ ይቀዳል። ሰሙም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይውላል። ማሩን የቆረጠው ሰው በአመዛኙ የሚጠጣው ጠላ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ገበሬው ለባለ መሬት ይከፍል የነበረው ግብር ቀረ። ማሩ ግን ከዚያም በኋላ ከቤት አላደረም። የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የሠርግ ወጪ ሁሉም የሚመጣው በአንድ ሰሞን ነው። የጠጅ ነጋዴ ደግሞ ማሩን ከነሰሙና ከነእጩ በጅምላ መዝኖ ይወስዳል። የአገራችን ማር አብዛኛው ክፍል ዛሬም ወደ ጠጅ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ገበያ ሲወጣ ዋጋው እንደሚወርድ የማያውቅ ንብ አናቢ የለም፤ ቢያውቅም ይሸጣል።

የግብርና ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ትኩረት ያደረጉት በቀፎው ላይ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የሆለታ የንብ ጣቢያ ተቋቋመ፤ በ1960ዎቹም ባለ ፍሬም የሳጥን ቀፎ፣ ቀጥሎም የሽግግር ቀፎ ወደ አገር ገባ። ከባህላዊ ቀፎ በዓመት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ሲገኝ ከሳጥን ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ሊገኝ ይችላል። በደን አካባቢ ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ በመሆኑ ሥራው የወንድ ብቻ ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ ሳጥኑ ጓሮ ሲቀመጥ ሴቶችም ባለ ቀፎ መሆን ቻሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ሳጥኑ ደርሶ ማር ማጣሪያውና የንብ ልብሱ ሳይደርሱ የቀሩባቸው ቀበሌዎች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለው ሳጥን የዶሮ ቤት ሲሆን ታይቷል።

ስለ ማደሪያው ጉዳይ ቀድመው ያሰቡ ገበሬዎች በሩቅ አገር አሉ። በካናዳ ኬቤክ ክፍለ አገር የብዙ ቤተሰቦች ሥራ ሜፕል ከሚባል ዛፍ ጣፋጭ ውኃ ቀድቶ በእንጨት እሳት ወይም በሌላ ማገዶ አፍልቶ ሽሮፕ ማውጣት ነው። ወቅቱ የብርዱ መጨረሻ ሲሆን ለ1 ሊትር ሽሮፕ 40 ሊትር ያህል የዛፍ ውኃ ያስፈልጋል። ምርቱ አንድ ዓመት ሞልቶ ሌላ ዓመት ስለሚጎድል የአምራቾቹ ማኅበር በፈረንጆቹ 2000 ዓ.ም የጋራ መጠባበቂያ ክምችት አቋቋመ። በጥጋብ ዓመት ያከማቻሉ፣ በድርቅ ዓመት ያወጣሉ። በፈረንጆቹ 2011 እና 2012 ዓ.ም ከዚሁ ክምችት ወደ 3 ሺህ ቶን የሚጠጋ ሽሮፕ ተሰርቆ ዓለምን አስገርሟል። ሌባ የሚመኘው መጋዘን መቼም ባዶ አይደለም።

ማር ለዚህ ከሽሮፕ ይልቅ ይመቻል። ማሽላን የሚፈጀው ነቀዝ ማርን አይነካውም። የውኃ መጠኑ ከመቶ 20 እጅ ካልበለጠና ዕቃው በደንብ ከተከደነ ለዓመታት ይቆያል። ሲረጋም ተበላሸ ማለት አይደለም። የሚቦካው ያልታሸገ እንጀራ ቸኩሎ የቆረጠ ሰው ማር ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ ወዲህ ንብ አናቢዎችም ተደራጅተዋል፤ ባሕር ዳር ላይ ያለው የዘምባባ ዩኒየን ለዚህ አንዱ ምሳሌ ነው። በ2000 ዓ.ም ኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማር ለመላክ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገባች። ገዢው የሚፈልገው ግን ዓመቱን ሙሉ የሚቀርብ የተጣራ ማር ነው። ለዚህ ደግሞ መጋዘን ብቻ አይበቃም፤ አባሉ በኅዳር ማሩን ሲያስገባ ቅድሚያ የሚከፈለው ገንዘብም ያስፈልጋል። ያ ገንዘብ ካልተገኘ የጠጅ ነጋዴው በር ላይ ቆሟል።

በላስታው ቤት ቆረጣው ሲያበቃ አባወራው ከቀፎው ጥግ ያሉትን ጥቂት እንጀራዎች ሳይነካ ክዳኑን በጭቃ ይመርጋል። ሙሉውን ከወሰደ ንቡ በጋውን አይዘልቅም፤ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል።