የከፍታ ቦታ ሕመም፦ ወደ ዘቢዳር፣ ሳነቴ ወይም ራስ ደጀን ከመውጣትዎ በፊት

የከፍታ ቦታ ሕመም ሰውነት ከለመደው ከፍታ በላይ በፍጥነት ሲወጣ የሚከሰት ችግር ነው። በአብዛኛው የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ነው። ቀላሉ ዓይነት በዕረፍት ይድናል። ከባዱ ግን ሳንባ ውኃ እንዲቋጥር ወይም አንጎል እንዲያብጥ በማድረግ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሕይወት የሚያድነው ምልክቱን ቀድሞ ማወቅና በጊዜ መውረድ ነው።

ደገኛ ከሆንኩ ያሰጋኛል?

አዎ። ወልቂጤ በ1,900 ሜትር፣ ቡታጅራ በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ መኖር በተወሰነ ደረጃ ይጠቅማል፤ ለ4,000 ሜትር ግን አያዘጋጅም። በጉራጌ ተራሮች የሚገኘው ዘቢዳር ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 ከመቶ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በ4,000 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ያስፈልጉታል።

ወጣትነትና የስፖርት ብቃት ከሕመሙ አይከላከሉም። ደጋ ተወልደው ዝቅተኛ ቦታ ወይም ውጭ አገር ለዓመታት የኖሩ ሰዎችም እንደ አዲስ መላመድ አለባቸው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ቀላሉ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከፍታው ላይ በደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ዋናው ምልክት ራስ ምታት ነው። ከእርሱ ጋር ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማዞርና ከመጠን ያለፈ ድካም ይኖራል። ልጆች ሕመማቸውን መናገር ስለማይችሉ ይነጫነጫሉ፣ መብላትም መጫወትም ያቆማሉ።

ብዙ ሰው ይህንን «ብርድ መታኝ» ወይም «መንገዱ አደከመኝ» ብሎ ያልፈዋል። ከፍታ ላይ የጀመረ ራስ ምታት ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብለው ይውሰዱት።

አፋጣኝ አደጋን የሚያመለክቱ ምልክቶች፦

• ቁጭ ብለው ወይም ተኝተው ሳለ ትንፋሽ ማጠር
• የማያቋርጥ ሳል፣ በተለይ አረፋማና ሮዝ ቀለም ያለው አክታ
• የከንፈር ወይም የጥፍር መጥቆር
• መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት፣ የተዘበራረቀ ንግግር
• ከእንቅልፍ ለመንቃት መቸገር

ከተጠራጠሩ ሰውዬውን የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገናኘ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ያድርጉት። የሚንገዳገድ ከሆነ አንጎሉ ተጎድቷልና ንጋትን አይጠብቁ።

እንዴት ልከላከል?

ዋናው መከላከያ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ የሚያድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። በየ3 ወይም 4 ቀኑም ሳይወጡ አንድ ቀን ይረፉ። በሰሜን ተራሮች በእግር የሚሄድ ሰው ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበር፣ ቀጥሎ ጊጭ፣ ከዚያም ጨነቅ ሲያድር ሰውነቱ ቀስ በቀስ ይለምዳል። በመኪና በቀጥታ ጨነቅ ገብቶ የሚያድር ሰው ይህን ዕድል ያጣል።

ሳነቴም እንዲሁ ነው። ከጎባ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚያደርስ የመኪና መንገድ አለ። ጥቂት ቆይቶ መመለስ ብዙም አያሰጋም፤ አደጋው የሚጨምረው እዚያው ሲያድሩ ነው። ዘቢዳርንም ከቡታጅራ በኩል ወጥተው በዚያው ቀን ከተመለሱ ስጋቱ ይቀንሳል።

ሲጠማዎት ውኃ ይጠጡ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ወይም ቆጮ የመሰለ ኃይል ሰጪ ምግብ ይያዙ። አረቄ፣ ጠጅና የእንቅልፍ መድኃኒት በእንቅልፍ ሰዓት ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ ይተዉ። ጫት ደግሞ ረሃብንና እንቅልፍን ስለሚያጠፋ የሕመሙን ምልክት ለመለየት ያስቸግራል።

አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት መላመድን ያፋጥናል። ብዙውን ጊዜ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ለሁሉም ሰው ስለማይሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱት፤ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለብዎት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ለሐኪሙ ይናገሩ።

ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከር ያለበት ማነው?

የልብ ድካም፣ የቆየ የሳንባ ሕመም፣ ከባድ የደም ማነስ ወይም ሲክል ሴል ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር እናት፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት የከፍታ ሕመም የያዘው ሰው አስቀድሞ መመርመር አለበት። የሳንባ ምች ወይም ከባድ ጉንፋን ያለበት እስኪድን ይቆይ። የደም ግፊት ታማሚ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ በሌሊቱ ብርድ እንዳይረጋ ከሰውነቱ አስጠግቶ ይያዘው፤ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አያገለግልም።

ሕመሙ ከጀመረ ምን ላድርግ?

1. ወደ ላይ መውጣት ያቁሙ። ባሉበት ያርፉ።
2. ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል መውሰድ ይችላሉ። የተሻለዎት ቢመስልም ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፉ አይቀጥሉ።
3. በአንድ ቀን ውስጥ ካልተሻለዎት ወይም ከባሰብዎት ይውረዱ።
4. ከአደጋ ምልክቶቹ አንዱ እንኳ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ይውረዱ። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ብዙ ጊዜ ለውጥ ያመጣል።
5. ታማሚውን ብቻውን አይላኩት። ሳንባው ከተጎዳ ድካም ስለሚያባብሰው በበቅሎ ወይም በቃሬዛ ያውርዱት፣ ያሙቁት፣ ኦክስጅን ካለ ይስጡት።
6. ከወረደ በኋላም ቢሻለው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ያድርሱት፤ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደነበረና ምልክቱ መቼ እንደጀመረ ይናገሩ።

ለጓደኞችና ለቤተሰብ

የታመመው ሰው ብዙ ጊዜ «ደህና ነኝ፣ እንቀጥል» ይላል። ከጓደኞቹ ማነስ አይፈልግም፤ አንጎሉ ከተጎዳ ደግሞ ራሱን መመዘን አይችልም። ስለዚህ ውሳኔውን ለእርሱ አይተዉት። ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሰው ከታመመ አብሮት የሚወርደው ማን እንደሆነ ተስማሙ።